መቋሚያና ማሲንቆ ሳይሰበሩ ርቀው እንዲደርሱ

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከዳባት፣ ከአምባ ጊዮርጊስና ከኮሶዬ ወደ ጎንደር በሚወርዱ መኪኖች አናት ላይ በማዳበሪያ ተጠቅልለው የታሰሩ ረጃጅም ዕቃዎች ይበረክታሉ። አንዱ አዲስ አበባ ለሚኖር የአገር ልጅ የሚላክ ማሲንቆ ነው። ሌላው ባሕር ማዶ ላለ ቤተ ክርስቲያን የተገዛ መቋሚያ ይሆናል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል አርፈው ዝማሜው በመቋሚያ ስለሚሆን፣ ላኪው ሁሉ የሚጣደፈው በዚሁ ሰሞን ነው። ከዚያም ስልክ ይደወላል፤ «ደርሶልናል፣ ግን አንገቱ ላይ ተሰብሯል» ይባላል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን አውሮፕላን ላይ ይጥላል። እኔ እስከገባኝ ድረስ ግን ዕቃው በአብዛኛው የሚጎዳው አውሮፕላን ከማየቱ በፊት ነው፤ ከኮሶዬ ጎንደር ባለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ፖርቶመጋላ ላይ። ስለዚህ አስተሻሸግዎን ለመኪናው ካዘጋጁት፣ ለአውሮፕላኑ ይተርፋል።

ረጅምና ቀጭን ዕቃን ሁለት ነገር ይሰብረዋል፤ መታጠፍና ጫፉን መመታት። ስፖንጅና ጨርቅ የሚከላከሉት ሁለተኛውን ብቻ ነው። መታጠፍን የሚከላከል ራሱ የማይታጠፍ ነገር ነው። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዘው አገር ላገር የሚዞሩ የውጭ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ፣ ዘንጋቸውን ፈታተው ቀጭኑን ከወፍራሙ ጋር ያስሩና ጠንካራ ቱቦ ውስጥ ይከቱታል። ለመቋሚያም የሚበጀው ይኸው ነው፤ ቱቦው፣ ማለትም የፍሳሽ ፕላስቲክ ቧንቧ፣ ጎንደር ማንኛውም የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ይገኛል።

1. መላክ የሚፈቀድ መሆኑን ያረጋግጡ

አሰልቺ ደረጃ ነው። ዕቃው ቦሌ ላይ ከተያዘ ግን የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን ይቅደም።

አዲስ ዕቃ ከሆነ ደረሰኝ ይቀበሉ። ሠሪው ደረሰኝ የሌለው የመንደር ባለሙያ ከሆነ ስሙን፣ ቀበሌውንና የሸጠበትን ቀን በወረቀት አስፈርመው ይያዙ፤ ዕቃው አዲስ ለመሆኑ ማስረጃ የሚሆንዎት እሱ ነው። የአያት የነበረ ወይም ከቤተ ክርስቲያን የወጣ አሮጌ መቋሚያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ጥርጣሬ ካለዎት ከማሸግዎ በፊት ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳዩ፤ ታሽጎ የተያዘ ዕቃ የተደበቀ ይመስላል።

የመቋሚያው ራስ ከምን እንደተሠራም ይጠይቁ። እንጨት፣ ናስ፣ ብረት ከሆነ ጣጣ የለውም። የዝሆን ጥርስ ከሆነ አይንኩት፤ ኢትዮጵያ ሳይተስ የተባለውን የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ፈርማለች፣ ተቀባዩ አገርም እንደዚያው። በእኛ አካባቢ ደግሞ «የዋልያ ቀንድ ነው» ብሎ ዋጋ የሚያስወድድ ሻጭ ሊገጥምዎ ይችላል። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ሻጩ እውነቱንም ይሁን ለማሻሻጥ፣ ይለፉት።

የማሲንቆው ቆዳና ጭራ የእንስሳት ውጤት በመሆናቸው አንዳንድ አገሮች ጥብቅ ቁጥጥር ያደርጉባቸዋል። ጠጉሩ በደንብ ያልተፋቀ ወይም ገና የሚሸት ቆዳ አይላክም። ተቀባዩ የሚኖርበትን አገር ጉምሩክ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ለሱ የአንድ ስልክ ጥሪ ነው።

በመጨረሻ እንጨቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙና ቀስ ብለው ይምቱት። ደቃቅ ዱቄት ከረገፈ ውስጡ ነቀዝ አለ ማለት ነው፤ ቅርፊት የቀረበት እንጨትም እንደዚሁ በኳራንቲን ይያዛል። ቅርፊቱን ፍቀው በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፤ ነቀዝ ያለበትን ግን ለሠሪው ይመልሱ።

2. ያድርቁት

ኮሶዬ ጉም የማያጣው ደጋ ነው። ጠዋት ውጭ ያደረ እንጨት ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ ቆዳውም ይረግባል። ይህን እርጥበት ከነዕቃው በላስቲክ ጥቅልል አድርጎ ማሸግ ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ላስቲኩ ዝናቡን ሲከላከል የውስጡንም እርጥበት ይዞ ያስቀራል፤ ዕቃው ከደጋ ወርዶ የዓባይ በረሃን ሙቀት ሲያገኝ ቆዳው ይሻግታል፣ የተጣበቀው ይለቃል።

ዕቃውን ቤት ውስጥ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ቦታ ለጥቂት ቀናት ያቆዩት። መቋሚያውን ግድግዳ ላይ አያስደግፉት፤ ይጎብጣል። ወለል ላይ በጀርባው ያጋድሙት ወይም ከራሱ ያንጠልጥሉት። ከምድጃ በላይ መስቀል በእኛ አገር የተለመደ ቢሆንም ለዚህ አይሆንም፤ ሙቀቱ እንጨቱን በአንድ ጎን ብቻ አድርቆ ይሰነጥቀዋል፣ የጭሱ ሽታም ካርቶኑ ሲከፈት ቤቱን ይሞላል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ማሲንቆም ቆዳው ከመጠን በላይ ተወጥሮ ከጠርዙ ሊተረተር ይችላል።

እንጨቱ ገና እርጥብ ከሆነ፣ ማለትም በቅርብ ተቆርጦ የተጠረበ ከሆነ፣ በጥቂት ቀን አይደርቅም። እንዲህ ያለውን ባይልኩት ይሻላል። በማሞቂያ በሚደርቅ የውጭ አገር ቤት ውስጥ ጎብጦ ወይም ተሰንጥቆ ይቀራል።

3. ይለኩና መንገዱን ይምረጡ

ሜትር ይያዙ። ዕቃውን ሳይሆን የሚታሸግበትን መጠን ነው የሚያስቡት።

ሰው ይዞት የሚሄድ ከሆነ፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዓለም አቀፍ በረራ ለአንድ ሻንጣ የተለመደው ልክ ክብደቱ 23 ኪሎ፣ የርዝመቱ፣ የወርዱና የቁመቱ ድምር 158 ሳንቲ ሜትር ነው። ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ግን ያረጋግጡ። በዚህ ስሌት 11 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቧንቧ ርዝመቱ ከነክዳኑ 136 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ልክ ይሞላል። ከዚያ ካለፈ ትርፍ ያስከፍላል። 7.5 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ቧንቧ ከመረጡ እስከ 143 መሄድ ይችላሉ፤ ለረጅም ሰው የተሠራ መቋሚያ ብዙ ጊዜ በዚህ ነው የሚያልፈው።

በእጅ ይዤው ልግባ አይበሉ። ዱላ የሚመስል ነገር ፍተሻ ላይ ሊያዝብዎት ይችላል፤ ያኔ ደግሞ ሻንጣዎ ገብቶ አልቋል።

በፖስታ ከሆነ፣ ብዙ አገሮች የሚቀበሉት ጥቅል ርዝመቱ ከ1.50 ሜትር፣ ርዝመቱና ዙሪያው ተደምሮ ከ3 ሜትር ያልበለጠውን ነው። ከ1.05 ሜትር በላይ የማይቀበሉም አሉ። ስለዚህ ጎንደር ፖስታ ቤት ሄደው የተቀባዩን አገር ስም ጠቅሰው ይጠይቁ፤ ቧንቧ የሚገዙት ከዚያ በኋላ ነው።

በግል ፈጣን መልእክት ድርጅት ከሆነ ክፍያው በክብደት ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ ሦስቱን ጎን በሳንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 በማካፈል በሚያገኙትና በሚዛኑ መካከል የበለጠውን ያስከፍላሉ። 130 በ11 በ11 የሆነ ቧንቧ 3 ኪሎ ያህል ይቆጠራል። 90 በ35 በ25 የሆነ የማሲንቆ ካርቶን ግን፣ ማሲንቆው ራሱ ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ወደ 16 ኪሎ ይጠጋል። ካርቶን ሲመርጡ «ሰፋ ይበል፣ ስፖንጅ እንሞላዋለን» ማለት ኪስ ያስጎዳል።

4. የሚፈታውን ይፍቱ

መቋሚያ ሲገዙ ራሱ የሚነቀል እንዲሆን ሠሪውን ይጠይቁ። ቀድሞ ከታዘዘ ሥራው ቀላል ነው፤ ተጣብቆ የደረቀውን ለመንቀል መታገል ግን አንገቱን መስበር ነው። የተነቀለውን የናስ ራስ በጨርቅ ጠቅልለው ለብቻው ሻንጣ ውስጥ፣ በልብስ መካከል ያድርጉት። ከዘንጉ ጋር ቧንቧው ውስጥ ልቅ ከተውት እንደ መዶሻ እየተመላለሰ እንጨቱን ሲደበድብ ይከርማል።

ማሲንቆ ላይ መጀመሪያ የሚፈታው ጭራው ነው። መቃኛውን ቀስ እያሉ ያላሉ፤ ሙሉ በሙሉ አይፍቱት፣ ውጥረቱ ብቻ ይጥፋ። ተወጥሮ የተላከ ጭራ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር አንገቱን ወደ ፊት ይስበዋል፣ ከሥሩም ቆዳውን ይጫነዋል። ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጋ የምታቆመውን ትንሿን እንጨት ከሥሩ አውጥተው በወረቀት ጠቅልለው ከመቃኛው ሥር በጨርቅ ይሰሯት። ተቀባዮች ካርቶኑን ሲጥሉ አብራ የምትጠፋው እሷ ናት፤ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «አይጣል» ብለው ይጻፉበት። ደጋኑንም ጭራው የሚላላ ከሆነ ያላሉት።

5. መቋሚያውን ቧንቧ ውስጥ ያስገቡ

የሚያስፈልግዎ፦ 7.5 ወይም 11 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፍሳሽ ፕላስቲክ ቧንቧ፣ ሁለት ክዳን፣ ሰጌቶ፣ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ፣ ትንሽ የፍራሽ ስፖንጅ፣ ሰፊ ፕላስተር። ቧንቧ በሙሉ ርዝመቱ መግዛት አያስፈልግም፤ ለምነው ቁራጭ ማግኘት ይቻላል።

ቧንቧውን ከዘንጉ 6 ሳንቲ ሜትር አስረዝመው ይቁረጡ። 3 ከላይ፣ 3 ከታች ለስፖንጅ ነው። የተቆረጠውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፤ የፕላስቲክ ስለት እንጨት ይቧጭራል።

አሁን ዋናው ሥራ ነው። ጨርቁን በአራት ጣት ወርድ እየቀደዱ ዘንጉ ላይ ሦስት ቦታ ይጠምጥሙ፤ አንዱ ከግርጌው በላይ፣ አንዱ መሐል፣ አንዱ አንገቱ ሥር። ውፍረቱ ዘንጉ ወደ ቧንቧው በእጅ ግፊት ትንሽ እያንገራገረ እንዲገባ የሚያደርግ ይሁን። በራሱ ክብደት ሸርተት ብሎ ከገባ ጨርቁ አንሷል፤ በጉልበት ከተገፋ በዝቷል። የመሐሉን ጥምጥም ብዙ ሰው ይተወዋል፤ ዘንጉ ቧንቧው ውስጥ እንዳይወዛወዝ የሚይዘው ግን እሱ ነው። ስፖንጁን በሁለቱም ጫፍ ይግፉ። የዘንጉ ጫፍ ክዳኑን በቀጥታ መንካት የለበትም።

ከአንድ በላይ ከሆኑ የአንዱን ራስ ከሌላው ግርጌ እያገጣጠሙ በጥጥ ጨርቅ ይሰሯቸው። ሲባጎና ናይሎን እንጨቱ ውስጥ እየገቡ ምልክት ይተዋሉ። ጋዜጣም አያድርጉበት፤ ቀለሙ ነጩ እንጨት ላይ ይታተማል። ጭድና የጤፍ ገለባ ለአገር ውስጥ ጉዞ ባይከፋም ለባሕር ማዶ ፈጽሞ አይሆንም፤ ብዙ አገሮች ገለባ ያለበትን ጥቅል ይመልሳሉ ወይም ያቃጥላሉ።

ራሱ የማይነቀል ከሆነስ? ሰፊው ራስ 11 ሳንቲ ሜትር ቧንቧ ውስጥ አይገባም። ቧንቧው ዘንጉን እስከ አንገቱ ብቻ ይልበስ፣ ራሱም ከላይ ይውጣና በስፖንጅ ተጠቅልሎ ትንሽ ካርቶን ይከደንበት። ካርቶኑ ከቧንቧው ጋር በፕላስተር ዙሪያውን ይታሰር። ለአዲስ አበባ ይበቃል። ለባሕር ማዶ ግን ተነቃዩን ይፈልጉ።

አናጺ ጋ ሄደው የጣውላ ሳጥን ለማሠራት ካሰቡ፣ ያልታከመ ጣውላ ድንበር ላይ ችግር አለበት። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ለማሸጊያ የሚሆን ጥሬ እንጨት ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ታክሞ ማኅተም ያረፈበት መሆን አለበት። ኮምፔልሳቶ ከዚህ ነጻ ነው፤ ሳጥን ካሠሩ በሱ ያሠሩ።

6. ማሲንቆውን ካርቶን ውስጥ ያንሳፍፉ

ማሲንቆ ቧንቧ አይገባም። ደካማ ቦታዎቹም ሁለት ናቸው፤ አንገቱ ወደ ሳጥኑ የሚገባበት ስፍራና የተወጠረው ቆዳ።

በቆዳው ልክ ሁለት የኮምፔልሳቶ ወይም ወፍራም የካርቶን ቁራጮች ይቁረጡና ከፊትና ከኋላ ይደርቡ። ከሥራቸው ቆዳውን ሳይሆን ጠርዙን ብቻ እንዲነኩ በዙሪያው የጨርቅ ጥምጥም ያድርጉ። የውጭ ግፊት ወደ እንጨቱ ጠርዝ ይሄዳል፣ ቆዳው አየር ላይ ይቀራል። ከዚያ አንገቱን ከጀርባው በኩል ከሳጥኑ ጫፍ እስከ መቃኛው በሚደርስ ቀጥ ያለ የኮምፔልሳቶ ስንጥር ይደግፉና በጨርቅ አራት ቦታ ይሰሩት። ደጋኑን ከዚሁ ስንጥር ውጭ በኩል ያስጠጉት፤ ከማሲንቆው ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ ጨርቅ ይግባበት።

ይህን ሁሉ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ሲያስገቡ በስድስቱም ጎን ቢያንስ ሦስት ጣት ክፍተት ይኑርና በስፖንጅ ይሞላ። ረጅም ካርቶን ካጡ ሁለት ተመሳሳይ ካርቶኖች አፋቸውን ከፍተው አንዱን ሌላው ውስጥ ሸጉጠው ማስረዘም ይችላሉ፤ የተደራረበው መሐል ስለሚጠነክር እንዲያውም ይሻላል።

ከመዝጋትዎ በፊት ካርቶኑን አቅፈው ይወዝውዙት፣ ጆሮዎን አስጠግተው ያዳምጡ። ድምፅ ካለ ከፍተው ይሙሉ።

7. ያሽጉ፣ ግን እንዲከፈት አድርገው

ፕላስተር በኮሶዬ ጠዋት አይይዝም፤ ቧንቧው ላይ ጤዛ ስለሚያርፍ ከሰዓት በኋላ ይላቀቃል። ቀኑ ሞቅ ሲል፣ ቧንቧውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ያሽጉት።

አንዱን ክዳን በማጣበቂያ ይዝጉት። ሌላውን ግን በፕላስተር ብቻ። ኬላ ላይ፣ ጉምሩክ ላይ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «ይከፈት» መባሉ አይቀርም፤ ሁለቱም ከተጣበቁ የሚከፈተው በመጋዝ ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ቱቦ መኪና ላይ ተጭኖ ሲታይ ምን እንደሚመስል እርስዎም ያውቁታል። ስለዚህ ቧንቧውን በማዳበሪያ አይሸፍኑት፣ ራቁቱን ይሂድ። በትልቁ «አዲስ የቤተ ክርስቲያን መቋሚያ» ተብሎ ይጻፍበት፤ «ዱላ» ብለው አይጻፉ። ትርፍ ፕላስተር ቧንቧው ላይ ጠምጥመው ይላኩ፤ የከፈተው ሰው መልሶ የሚያሽግበት ያገኛል።

የላኪና የተቀባይ ስምና ስልክ ከውጭም ከውስጥም ይኑር፤ የውጩ በዝናብ ይጠፋል። ከመዝጋትዎ በፊት ዕቃውንም አስተሻሸጉንም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

8. መኪናው ላይ

በማለዳ መንገዱ ክፍት መሆኑን ይጠይቁ፤ ዕቃው መንገድ ላይ ከሚያድር ቤት ቢያድር ይሻላል።

ረዳቱ ዕቃ ሲጭን ጫፉን በአንድ እጁ ይዞ ወደ ላይ ይስበዋል፣ የቀረው አካሉ በአየር ላይ ይንዘላዘላል፣ ከዚያ ብረቱ ላይ ያርፋል። ከዚያም ጆንያ ድንች ይመጣበታል። በዚህች ደቂቃ እርስዎ እዚያ መቆም አለብዎት። «ወንድሜ፣ የሚሰበር ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የት እንደሚሆን ያሳዩት። የሚሻለው ቦታ ውስጥ፣ ከወንበሮቹ ሥር በመተላለፊያው ርዝመት ነው፤ ለዚያ የአንድ ሰው ሒሳብ ቢጠይቁዎት ይክፈሉ። ፖርቶመጋላ ላይ ግድ ከሆነ በመኪናው ርዝመት፣ ከጎኑ ብረት ጋር ተጠግቶ፣ ሦስት ቦታ ይታሰር። አግድም የተጫነ ቧንቧ ከጎን ስለሚወጣ ከዛፍና ከሌላ መኪና ጋር ይጋጫል። ሁሉም ዕቃ ተጭኖ ካለቀ በኋላ የላይኛው እንዲሆን ይጠይቁ።

ከጎንደር አዲስ አበባ በትልቁ አውቶቡስ የሚሄድ ከሆነ ዕቃው ሆዱ ውስጥ ይገባል፤ ከግድግዳው ጎን ተጋድሞ እንጂ ቆሞ አይሂድ። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የቆመ ነገር ሁሉ ይወድቃል።

9. ተቀባዩ ምን ያድርግ

በስልክ የሚነግሩት ይኸን ነው። ጥቅሉን ከመረከቡ በፊት አገላብጦ ይየው፤ የተሰነጠቀ ወይም የተጨፈለቀ ቦታ ካለ እዚያው ፎቶ አንስቶ ሠራተኛው እንዲመዘግብለት ይጠይቅ። ከፈረመ በኋላ የሚነሣ አቤቱታ ሰሚ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ቤት ካስገባው በኋላ ቶሎ አይክፈተው። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ እንጨትና ቆዳ ጥቅሉ ውስጥ እንዳለ አንድ ቀን ይደር። መቋሚያውን ሲያወጣ ቧንቧውን አጋድሞ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ይሳብ፣ እያጠማዘዘ አይደለም። ማሲንቆው ላይ በወረቀት የተጠቀለለችውን ትንሽ እንጨት ፈልጎ ወደ ቦታዋ ይመልሳት፣ ጭራውንም በአንድ ጊዜ እስከ ድምፁ አይወጥረው፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። ቆዳው ከአዲሱ አየር ጋር እስኪላመድ ድምፁ ይወርዳል ወይም ይወጣል፤ ያ ብልሽት አይደለም። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የደጋኑን ጭራ ዕጣን ቀብቶ ይሞክረው፤ ያኔም ቅኝቱን ካልያዘ መቃኛው ላልቷል ማለት ነው፣ ቀዳዳው ውስጥ ጥቂት ጠመኔ ይበቃዋል።